የተቆረጠ የውሻ እግር፦ እቤት ምን ይደረግለት?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ የምንኖረው ጅማ ነው። ውሻችን ቡቺ ትናንት ማታ ከግቢ ወጥቶ ሲመለስ የፊት ቀኝ እግሩ ይደማ ነበር። ስናየው ውስጥ እግሩ ተቆርጧል፤ ጠርሙስ ሳይሆን አይቀርም። እናቴ የተወቀጠ ቡና ነሰነሰችበትና ደሙ ቆመ። ዛሬ ግን ያነክሳል፤ ቁጭ ባለ ቁጥር ይልሰዋል። አልኮል ላድርግበት? ቤት ውስጥ ዲክሎፌናክ አለ፤ ለሕመሙ ልስጠው? ወይስ የግድ ሐኪም ጋ መውሰድ አለብኝ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ቡቺን ይማርልሽ። አጭሩን ላስቀድምልሽ። አልኮሉን ተዪው። ዲክሎፌናኩን ጭራሽ አትስጪው። ቡናው ዛሬውኑ ታጥቦ ይውጣ። ከታጠበ በኋላ ቁስሉን በደንብ እዪው። ላይ ላዩን ከሆነ እቤት ይድናል። ተከፍቶ ሥጋው የሚታይ ከሆነ ሐኪም ጋ ይሂድ። እስካሁን የቱ እንደሆነ ያላወቅሽው ቡናው ስለሸፈነብሽ ነው።

እናትሽ ያደረጉት ነገር ጅማ ውስጥ ያልተደረገበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ጣት በቢላ ሲሸረከት ቡና፣ ልጅ ወድቆ ጉልበቱ ሲላጥ ቡና። ደቃቁ ዱቄት እርጥበቱን ይመጥና ደሙ እንዲረጋ ያግዛል። ስለዚህ ደሙ መቆሙ አይገርምም። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። ዱቄቱ ከደሙ ጋር ደርቆ ቅርፊት ይሠራል። ከቅርፊቱ ሥር አፈር፣ ፀጉር፣ አንዳንዴም የጠርሙስ ስባሪ ታሽጎ ይቀራል። ከላይ ሲያዩት የዳነ ይመስላል፤ ከሥር ይመግላል።

ሌላም አለ። ውሻ ቁስሉን ሲልስ ቡናውንም ይውጣል። ካፌይን ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው። አትደንግጪ፣ ወሳኙ መጠኑ ነው። የተቆላ አረቢካ ቡና በ100 ግራም ውስጥ 1 ግራም ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ካፌይን አለው። ውሻ ላይ ምልክት መታየት የሚጀምረው በአንድ ኪሎ ክብደቱ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ሲገባበት ነው። ቡቺ 15 ኪሎ ቢሆን፣ እዚያ ለመድረስ 25 ግራም ገደማ ቡና መላስ አለበት። ቁስል ላይ የሚነሰነስ ቁንጥር ያን ያህል አይሆንም። ሁለት ኪሎ ለምትመዝን ቡችላ ግን አንድ የተቆለለ የሻይ ማንኪያ ይበቃታል። ውሻው ከተቅበጠበጠ፣ ካስመለሰ፣ ልቡ በኃይል ከመታ ወይም ከተንቀጠቀጠ ያኔውኑ ሐኪም ጋ ነው።

እግሩን ከመንካትሽ በፊት ስለ ጥርሱ አስቢ። የቱንም ያህል የቤታችሁ ልጅ ቢሆን፣ የታመመ ውሻ ይነክሳል። ክፋት አይደለም፤ ስላመመው ነው። ሁለት ሰው ሁኑ፤ አንዱ ይያዘው፣ ሌላው ይጠበው። ልጆች ራቅ ይበሉ። ከፋሻ ወይም ከአሮጌ ነጠላ አንድ ሜትር ያህል ቅደጂ። መሃሉን አፍንጫው ላይ ጠምጥመሽ አገጩ ሥር አቋርጪው። ከዚያ ሁለቱን ጫፎች ከጆሮው ኋላ ወስደሽ በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ እሰሪው። የሚያስመልስ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ከሆነ ግን አፉን አትሰሪ። ሥራሽን እንደጨረስሽም ቶሎ ፍቺው፤ ውሻ ሙቀቱን የሚያወጣው እያለከለከ ነው።

ማጠቡ ላይ አትቸኩዪ። የሕክምናው ትልቁ ክፍል ይኸው ነው ብል አላጋነንኩም። ሰው የሚጨነቀው ምን ልቀባው ብሎ ነው። በደንብ ያልታጠበ ቁስል ላይ ግን ምንም ቢቀባ ዋጋ የለውም።

ውሃ አፍዪና ለብ እስኪል አቀዝቅዢው። በግማሽ ሊትሩ አንድ ያልተቆለለ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጪበት። ይህ ከሰውነት ፈሳሽ ጋር ስለሚቀራረብ ብዙም አይለበልበውም። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይርጠብ፤ እግሩን ሳፋ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ዘፍዝፊው። ቡናው እየለቀቀ ውሃው ይጠቁራል። ድፊውና ሌላ ቅጂ። አሁን ባዶ ሃይላንድ አምጪ። ክዳኑን በመርፌ አንድ ቦታ ብሺውና ጨው ውሃውን ጨምሪበት። ጠርሙሱን ጨመቅ ስታደርጊው ቀጭን ውሃ በኃይል ይወጣል። ከቁስሉ ውስጥ ቆሻሻውን ጠራርጎ የሚያወጣው ያ ግፊት ነው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ እየሄድሽ አጥቢ። በጥጥ አትፈትጊው፤ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ የጥጡም ክር ቁስሉ ውስጥ ይቀራል። በጣቶቹ መሃል ያለውንም ጭቃ አትርሺ፤ ቀዩ አፈራችን እዚያ ገብቶ ሲደርቅ ቆዳውን ይበላዋል። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ቀጥዪ። ሁለት ሊትርም ቢሄድ አይቆጭሽ።

ሲታጠብ እንደገና ሊደማ ይችላል። ውስጥ እግር ደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ትንሽ ቁርጥም ብዙ ያደማል። ንጹሕ ጎዝ ወይም ታጥቦ የተተኮሰ ጨርቅ አድርገሽ አምስት ደቂቃ ሳታነሺ ጫኚው። ሳታነሺ ያልኩሽ በምክንያት ነው። ቆመ አልቆመ እያልሽ በገለጥሽው ቁጥር የረጋው ደም ይላቀቃል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ደርቢበት እንጂ የታችኛውን አትንኪ። ከአሥር አሥራ አምስት ደቂቃ በኋላም የሚፈስ ከሆነ፣ እንደተጫነ አስረሽ ባጃጅ ያዢና ሂጂ።

ደሙ ከቆመ በኋላ በስልክሽ መብራት ተመልከቺው። መብራቱን ከጎን ስታበሪው የጠርሙስ ስባሪ ካለ ብልጭ ይላል። በየግንብ አጥሩ ላይ ጠርሙስ ስለሚተከል፣ ዘሎ የሚወጣ ውሻ ላይ ይህ በጣም የተለመደ ጉዳት ነው። ጫፉ ከላይ የሚታይ ስባሪ ወይም እሾህ ካገኘሽ ወረንጦውን ቀቅለሽ፣ በገባበት አቅጣጫ ቀስ ብለሽ ሳቢው። ጠልቆ የገባውን ግን አትቆፍሪ። ይሰበርና ውስጥ ይቀራል፣ አንቺም ትነከሻለሽ።

እንግዲህ ውሳኔው እዚህ ላይ ነው። ቁርጡ እንደ ጭረት ከሆነ፣ ጠርዞቹ ተጠጋግተው ከተኙ፣ ቡቺም እያነከሰም ቢሆን ከረገጠበት፣ አንቺ ልታድኚው ትችያለሽ። ጠርዞቹ ከተራራቁ፣ ቀይ ሥጋ ወይም ነጭ ስብ ከታየ፣ ቆዳው ተገንጥሎ ከተንጠለጠለ፣ ጣቱ ከተጣመመ ወይም እግሩን መሬት ጭራሽ ካላስነካ የሐኪም ሥራ ነው። የተሰነጠቀና የተንጠለጠለ ጥፍርም እንደዚሁ ነው፤ አንቺ አትጎትቺው፣ ያለ ማደንዘዣ ስቃይ ነው። ጫፉ ብቻ ተሰብሮ የሚደማ ጥፍር ከሆነ ግን ንጹሕ የበቆሎ ዱቄት ጥፍሩ ጫፍ ላይ አድርጎ መጫን ይበቃዋል።

ሐኪም ጋ ከሄድሽ «መስፋት አለብህ» ብለሽ አትሟገቺ። ቁስል በደንብ የሚሰፋው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ስምንት ሰዓታት ነው። የቡቺ ቁስል አድሯል፣ ጀርም ገብቶበታል። አሁን ጥርቅም አድርጎ መስፋት ጀርሙን ውስጥ መቆለፍ ነው። በዚያ ላይ ውስጥ እግር ስፌት አጥብቆ አይዝም፤ ውሻው በረገጠ ቁጥር ሥጋው ይለጠጥና ክሩን ይወጥረዋል። ስለዚህ ሐኪሙ አጥቦ፣ አስሮ፣ መድኃኒት አዞ ሳይሰፋ ቢመልስሽ ትክክል ሊሆን ይችላል።

በእኛ አካባቢ ሳላነሳው የማላልፈው ነገር ሙጀሌ ነው። ውሻው ያነክሳል፣ እግሩን ይልሳል፣ ባለቤቱም «ተቆርጧል» ብሎ ያመጣዋል። ስናየው ቁርጥ የለም። በመዳፉ ጠርዝ፣ በጣቶቹ መሃል ወይም በጥፍሩ ሥር ክብ፣ ነጣ ያለ፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት እብጠት አለ። ሴቷ ቁንጫ ቆዳ ውስጥ ገብታ፣ እንቁላሏ ሲሞላ አተር ታክላለች። ሰው፣ ውሻ፣ አሳማ ብላ አትመርጥም። ስለዚህ የቡቺን እግር ስታዪ የልጆቹንም እግር እዪ። አንዱን መርፌ ለሁሉም እያዞሩ መንቀል ይቅር፤ ቁስሉን ይመርዘዋል፣ ለሰውም መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ከሆነ ሰውየው ጤና ጣቢያ፣ ውሻው እንስሳት ክሊኒክ ይሂድ። ቡቺ የሚተኛበት ቦታ አቧራው ተጠርጎ ይጽዳ፤ ያ ካልሆነ ነቅለሽ አትጨርሺውም። መዥገርም በጣቶች መሃል መደበቅ ይወዳልና እግረ መንገድሽን ፈልጊው።

ከታጠበ በኋላ ለሚቀባው ቤታዲን በቂ ነው። እንዳለ ግን አታፍስሺው። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አቅጥኚው፤ መልኩ ቀጠን ያለ ሻይ ሲመስል ልክ ነው። በዚህ አርከፍክፊውና በንጹሕ ጎዝ ጠብ ጠብ አድርገሽ አድርቂው። አልኮል ግን ያቃጥለዋል። ማቃጠሉ ብቻ ቢሆን ደግ፤ ቁስሉን ሊሞላ የሚበቅለውን አዲስ ሥጋም ይገድላል። አረቄም ያው ነው። ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲያረፋ ጀርሙን የጨረሰ ይመስላል፤ ደኅናውንም ሥጋ አብሮ ይጎዳል። በረኪናና ጋዝ ፈጽሞ አይነካው። የአሞክሳሲሊን ካፕሱል ከፍቶ መነስነስም ይቅር። ያው እንደ ቡናው ቅርፊት ይሠራል፣ ጀርሙንም መድኃኒት ያለማምደዋል።

«ማርስ?» የሚሉኝ አሉ፤ የማር አገር ሰዎች ነንና። ማር ለቁስል እንደሚጠቅም ሕክምናው ያውቃል። ለቁስል የሚውለው ግን ከጀርም እንዲጸዳ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የጌራ ማር የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ከቀፎ የወጣ ነው፣ የተዘጋጀው ለሚበላ ሰው ነው። ቡቺም ገና ሳትጨርሺ ልሶ ይጨርሰዋል።

ስለ ማሰር ልቀጥል። ሁሉም ቁስል አይታሰርም። ላይ ላዩን የተጫረና ቡቺ ንጹሕና ደረቅ ወለል ላይ የሚውል ከሆነ ክፍቱን ይሻለዋል። ግቢያችሁ ጭቃ ከሆነ ግን መታሰር አለበት፤ ጅማ ደግሞ የዓመቱን ብዙ ጊዜ ጭቃ ናት። ቁስሉ ላይ ጎዝ አድርጊ። በጣቶቹ መሃል ስስ ስስ ጥጥ አስገቢ፤ ውሻ ውስጥ እግሩ ያልበዋል፣ ጣቶቹ ተጣብቀው ሲውሉ ይላጣሉ። ከዚያ ዙሪያውን ጥጥ፣ ከላዩ ፋሻ። ከጣቶቹ ጀምረሽ ወደ ላይ ከመዳፉ በላይ እስካለው አንጓ ድረስ ጠቅልዪ። ቁስሉን ብቻ በመሃል ከጠቀለልሽው ከሥሩ ያብጣል። የሁለቱ መካከለኛ ጣቶች ጫፍ ከፋሻው ይውጣ፤ በእነሱ ነው የደሙን ዝውውር የምታውቂው። ጠዋትና ማታ ንኪያቸው። ከቀዘቀዙ፣ ካበጡ ወይም ከተከፋፈቱ ፋሻው ጠብቋል፣ ወዲያው ፍቺው። በላስቲክ ወይም በክር በፍጹም አትሰሪ። በክር ታስሮ ተረስቶ ጣቱ የሞተ ውሻ አይቻለሁ፤ ከቁርጡ ይልቅ የጎዳው ማሰሪያው ነበር።

ፋሻው በየቀኑ ይቀየር። ከራሰ ደግሞ በዚያችው ደቂቃ ይፈታ፤ እርጥብ ፋሻ ካልታሰረ ይብሳል። ሽንት ሊሸና ሲወጣ ፌስታል አጥልቂለት፤ ሲገባ አውልቂው። ፌስታሉ ሲቆይ ከውስጥ ያልበውና የሸሸሽው እርጥበት ይመጣል።

መላሱን አስቁሚው። የውሻ ምራቅ መድኃኒት ነው የሚባለውን ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። አፉ ውስጥ ያለውን ጀርም ብታዪው መድኃኒት አትዪውም ነበር። ምላሱም ሻካራ ነው፣ አዲሱን ቆዳ ይልጠዋል። የአንገት ቆብ የሚሸጥ ካላገኘሽ ጠንካራ ካርቶን በሾጣጣ ቅርጽ ጠቅልለሽ አንገቱ ላይ አድርጊለት። ትንሽ የላስቲክ ባልዲ ቂጡን ቆርጦ ማጥለቅም ይሆናል፤ የተቆረጠው ጠርዝ እንዳይፈገፍገው በፕላስተር ይሸፈን። ከአፍንጫው ትንሽ አልፎ ይውጣ፤ መብላትና መጠጣት ግን መቻል አለበት። መጀመሪያ ቀን ይበሳጫል፣ በየግድግዳው ይጋጫል። አትዘኚና አታውልቂለት፣ ይለምደዋል።

ስለ ዲክሎፌናኩ አጠንክሬ ልንገርሽ። ለእኛ ጀርባና ጉልበት የሚያስታግሰው ኪኒን የውሻን ጨጓራ ያቆስላል፣ ኩላሊቱን ይጎዳል። አይቡፕሮፌንም እንደዚሁ ነው። ፓራሲታሞል ጉበቱን ይጎዳል፤ ድመት ካለቻችሁ ደግሞ አንድ ኪኒን ሊገድላት ይችላል። «ግማሹን ብሰጠውስ?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ግማሹም አይሆንም። ለውሻ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አለ። መጠኑም በኪሎው ተሰልቶ ሐኪም ያዝለታል። ያን ያህል የሚያስጮኸው ሕመም ካለበት ደግሞ ቁስሉ ቀላል አይደለም ማለት ነው።

ቀላል ከሆነ የሚያስታግሰው ዕረፍት ነው። ቡቺ የሌሊት ዘበኛ እንደሚሆን እገምታለሁ። ለጥቂት ቀን ሥራ ይፍታ። በረንዳ ላይ ወይም ቤት ውስጥ የታጠበ የቡና ጆንያ አንጥፉለት፤ በአጥር ሥር መሮጥ፣ መዝለል ይቅር። የተጫረ ብቻ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ይድናል። ትንሽ ጠለቅ ያለ ቁርጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋል፤ በየእርምጃው ስለሚከፈት ውስጥ እግር ቶሎ አይዘጋም። በአምስተኛው ቀን ማነከሱን ሲያቆም ልትለቂው ትፈልጊያለሽ። ቆዳው ገና ስስ ነው፤ አትልቀቂው።

ፋሻ በቀየርሽ ቁጥር በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ዓይን ይለምዳል፤ ሲብስ አይታወቅሽም። ፎቶው ግን ይናገራል። ቁስሉ ከቀን ወደ ቀን እየጠበበ፣ እየደረቀ መሄድ አለበት። ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ከሸተተ፣ መግል ካወጣ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ማነከሱ ካልቀነሰ ይታይ። ምግብ እንቢ ካለና ከደበተውም እንደዚሁ። የውሻ ሙቀት በደኅናው ጊዜም ከኛ ይበልጣል፤ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ስለዚህ «ገላው ሞቀኝ» ብቻ ትኩሳት አለው አያሰኝም፤ በቴርሞሜትር በፊንጢጣው ይለካ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከእግሩም በላይ ያሳስበኛል። ቡቺ ሌሊት ውጭ ነበር። ጠርሙስ ይመስለኛል ነው ያልሽው፤ አላየሽም። ታጥቦ ስታዪው አንድ መስመር ሳይሆን ጎን ለጎን የተበሱ ቀዳዳዎች ካገኘሽ ውሻ ነክሶት ሊሆን ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ አለ። ምልክቱ ከታየ በኋላ ሰውንም ውሻንም የሚያድን መድኃኒት የለም። ስለዚህ ንክሻ ከመሰለሽ በባዶ እጅሽ አትንኪው፤ ጓንት ከሌለሽ ፌስታል አጥልቂ። በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥበሽ በዕለቱ ሐኪም ጋ ውሰጂው። የተከተበ ቢሆንም እንደገና ወዲያው መከተብ አለበት። ስታክሚው ራሱ ቡቺ ከነከሰሽ ወይም ከቧጨረሽ፣ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢና ጤና ጣቢያ ሂጂ። የራሴ ውሻ ነው ብለሽ እንዳትቀሪ።

ክትባቱ በየዓመቱ ነው። የቡቺ መቼ እንደተሰጠ ካላስታወስሽ፣ አልተከተበም ብለሽ ቁጠሪው። ጅማ ላይ ሐኪም ለማግኘት አትቸገሪም፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርናና የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞቹን የሚያሠለጥነው እዚሁ ከተማችን ነው። ዛሬ ታጥቦ ቁስሉ ቀላል ሆኖ ብታገኚውም፣ ማነከሱን ሲተው ለክትባቱ ውሰጂው። ካርድ ካለው ካርዱን፣ ከሌለው ደግሞ ያነሳሽውን ፎቶ ይዘሽ ሂጂ።